የቦኖው ሳጥንና የፈርሂያ ቁጥሮች

ፈርሂያ አፏ ክፉ ነው። ይሄን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ መካነ ሰላምን ከላይ ሰፈር እስከ ታች ሰፈር ዞራችሁ ብትጠይቁ ሁሉም የሚላችሁ ይሄንኑ ነው። «ደህና አደርሽ?» ሲሏት «ምነው፣ ታምማለች ተባለ እንዴ?» የምትል ልጅ ናት። ሰውም አይምራትም። መንገድ ላይ ስታልፍ «ኩዌቷ መጣች» ይላታል፣ እሷም ዞር ብላ የሰውየውን የአባቱን የአያቱን ታነሳለታለች።

ኩዌት የሄደችው ስምንተኛ ክፍልን ሳትጨርስ ነው። ከአረብ አገር የሚመለስ ሰው ብርድ ልብሱን፣ ወርቁን፣ ቴሌቪዥኑን ይዞ አይደል የሚመጣው? እሷ ግን ክዳኑ የተሰነጠቀ ላፕቶፕ ታቅፋ ከደሴው አውቶብስ ዱብ አለች። እናቷ እትዬ ሀጀራ መናኸሪያ ድረስ ሄደው ሲጠብቁ ነበር። እጇን አይተው፣ አውቶብሱ ጣሪያ ላይ ያለውን ጭነት አይተው፣ «ሌላውስ በኋለኛው መኪና ነው የሚመጣው?» አሏት። ሌላ የለም። እትዬ ሀጀራ ቀድመዋት የቤቱን መንገድ ጀመሩ።

የላፕቶፑ ነገር እንዲህ ነው። የአሰሪዎቿ ልጅ ኢንጂነሪንግ ይማር ነበር። ሲ የሚባል የፕሮግራም ቋንቋ አለላችሁ፣ ማሽኑን ጆሮው ስር ገብቶ እንደማናገር ያለ ነገር፣ በጣም የሚገርም፣ ብቻ እሱን ካነሳሁ ስለማላቆም ይቅር። ልጁ ቪዲዮ ከፍቶ ትምህርቱ ላይ ሲያዛጋ እሷ ከኋላው ሸሚዙን እየተኮሰች ትማር ነበር። ልጁ ወደቀ፣ እሷ ገባት። አዲስ ሲገዛለት አሮጌውን «ውሰጂው» አላት።

መካነ ሰላም ስትገባ ግን ላፕቶፕ አይበላም። እትዬ ሀጀራ ቁርጡን ነገሯት፦ «ወይ እዚህ ሥራ ያዢ፣ ወይ ተመለሽ። ደላላው በመተማ በኩል እወስዳታለሁ ብሏል።» ያኔ ወደ አረብ አገር ለሥራ የሚኬድበት ቀጥታው መንገድ በመንግሥት ተዘግቶ ስለነበር የሚኬደው በመተማ፣ በሱዳን አድርጎ ነው። በዛ ከሄደው ያልደረሰው ብዙ ነው። ፈርሂያ ይሄን ታውቃለች። ስለዚህ ሥራ አገኘች፤ ሥራዋም የቦኖው ሳጥን ነው።

ቦኖው ላይ ያለው ውሃ አንድ ቀን ለላይ ሰፈር፣ አንድ ቀን ለታች ሰፈር ነው። ድሮ መስመሩን የሚያዞረው አበጋዝ ነበር፣ ትልቁን መፍቻ ትከሻው ላይ ጥሎ። የአበጋዝ መፍቻ ደግሞ ጠላ ወዳጠጣው ሰፈር ነው የሚዞረው። ሰው ተማረረ። በዚህ መሃል ፈርሂያና ሞባይል ጠጋኙ አራጌ «በራሱ የሚዞር እንሠራለን» ብለው ለውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ለአያ አሕመድኑር ነገሯቸው። አራጌ የአይሱዙ የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ፈቶ ከመስመር ማዞሪያው ጋር አጋባው። ከመዳፍ የማትበልጥ ቦርድ ከመርካቶ አስመጥተው የብረት ሳጥን ውስጥ ከተቷት። ፕሮግራሙን ለሁለት ተካፍለው ጻፉት፦ የውሃውን ክፍል ፈርሂያ፣ የቀን መቁጠሪያውንና የሞተሩን አራጌ። አራጌ የታች ሰፈር ልጅ ነው፣ እሷ የላይ ሰፈር። ኮሚቴው ይሄን ወደደው፤ እርስ በርስ ይጠባበቃሉ ብሎ ነው።

ተጠባበቁ እንዴ! ተናከሱ እንጂ።

ፕሮግራም ውስጥ የማይለወጡ ቁጥሮች አሉ፣ ኮንስታንት ይሏቸዋል። ውሃው የሚጠራቀምበት ትልቁ ጋን ስንት ሜትር ሲሞላ ፓምፑ ይቁም፣ ሞተሩ ስንት ሰከንድ ይዙር፣ እንዲህ እንዲህ ያለው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም በየፋይላቸው የየራሳቸውን ቁጥር ነበር የሚጽፉት፤ አንዱ ቁጥር ሦስት አራት ቦታ ተበትኖ ይገኛል። ታዲያ የውሃ ጋኑ አፉ ላይ ተሰነጠቀና ኮሚቴው «ከስንጥቁ በታች ይቁም» አለ። አራጌ በሱ ፋይል ያለውን ለወጠ። በፈርሂያ ፋይል ያለው እንዳለ ቀረ። ጠዋት ሲነሱ ጋኑ ገንፍሎ የቦጋለችን የጓሮ ጎመን ከነሥሩ አጥቦ ወስዶታል። ቦጋለች ማለት ከቦኖው ስር ጠላ ሻጭዋ ናት። ስድቧን ለመስማት ሰው ከገበያ ይመጣል።

ያን ዕለት ፈርሂያ አራጌ ሱቅ ገብታ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ጣል አደረገችው።

«ከዛሬ ጀምሮ ቁጥር ሁሉ አንድ ቤት ይገባል» አለችው። «አንድ የጋራ ፋይል። የውሃው ለብቻ፣ የጊዜው ለብቻ፣ የሽቦው ለብቻ ተደርድሮ፣ ለእያንዳንዱ ስም ተሰጥቶት። አንተም እኔም ቁጥሩን በስሙ እንጠራዋለን እንጂ ደግመን አንጽፍም። ከዛ ፋይል ውጪ ባዶ ቁጥር እንዳላይ።»

«ኧረግ! ማዳም ሆንሽብኝ?»

«ማዳም ብሆንማ ይሄኔ አባርሬህ ነበር።»

«እሺ ማዳም፣ ሁሉም አንድ ማድጋ ውስጥ ከገባ ማድጋው የተመረዘ ዕለት ምን ልትጠጪ ነው?»

«ያንተው በየጣሳው የተበተነው የሰው ጎመን አጠጣ አይደል? አንድ ቦታ ከተበላሸ አንድ ቦታ ይስተካከላል። በየቦታው ከተበተነ ግን አንዱን ስትይዝ አንዱ ያመልጥሃል። ዶሮ ነው እንዴ የምናግደው?»

«ጨረስሽ?»

«አልጨረስኩም። ፋይሉን የምጽፈው እኔ ነኝ። አንተ ትከፍትና ታየዋለህ፣ የጎደለ ካለ ትነግረኛለህ።»

አራጌ «እሺ» አለ። አፉ ነው «እሺ» ያለው። የውሃውንና የሽቦውን ቁጥሮች ከጋራው ፋይል አስጠራ፤ የቀን መቁጠሪያውን ግን አልነካም። ፋይሏንም ከፍቶ አላየም። «ሻንጣ ስታስተካክል የኖረች ልጅ እኔን ቁጥር ልታስቆጥረኝ» ብሎ እልህ ይዞታል። እሷም ማየት አለማየቱን አልጠየቀችም፤ ከጠየቀችው ሰላም ልትለው ነው፣ ሰላም ደግሞ አይባባሉም ነበር።

ይሄ ሁሉ የሆነው በታኅሣሥ ነው፣ በሁለት ሺህ ስምንት። ሳጥኑ ተስተካክሎ ቦኖው ላይ ተመልሶ ተሰቀለ። ጥር አለፈ፣ ሚያዝያ አለፈ፣ ክረምቱ ገባ። ጎህ ሲቀድ ሞተሩ ጥርር ይልና ተራው ይዞራል። አበጋዝ መፍቻውን ተሸክሞ ከሩቅ ቆሞ ያያል። ወር በወር ለየሰፈሩ የሄደውን ውሃ ሳጥኑ ራሱ ይይዛል፣ አያ አሕመድኑርም ለኮሚቴው ያነቡታል። ሰው ማመስገን አይወድም፤ ማማረሩን ግን ተወ። እትዬ ሀጀራም መተማን ማንሳት ተዉ። ደላላው በደጅ ሲያልፍ «ቆይ እስቲ» ይሉታል።

ጳጉሜ ገባ።

የዛን ዓመት እንቁጣጣሽና አረፋ ጎን ለጎን ነበር የዋሉት፤ እንቁጣጣሽ በወጣ ማግስት አረፋ። ክርስቲያኑ ይጠነስሳል፣ እስላሙ ለእርዱ ይዘጋጃል፣ ሁሉም ውሃ ይፈልጋል። የጳጉሜ መጀመሪያ ቀን ውሃው ለታች ሰፈር ሄደ። ጥሩ። በማግስቱ የላይ ሰፈር ጄሪካን ተሰለፈ፤ ሞተሩ ጥርር አለና ውሃው አሁንም ታች ወረደ። «ተሳስቶ ነው» ተባለ። በሦስተኛው ቀን ደገመ። እንግዲህ ጳጉሜ ሦስት ሩፋኤል ነው፣ ዝናቡ ይወርዳል፣ ልጆች ይታጠቡበታል።

አያ አሕመድኑር «እስኪ የጣሪያውን ውሃ ያዙና ታገሱ» ሲሉ ቦጋለች ወገቧን ይዛ ተነሳች።

«የሩፋኤል ዝናብ ለጸበል ይሁን እንጂ ለጥንስስ ይሆናል፣ አያ? ዝገት ልጥመቅ? እነዚህ ልጆች ጎመኔን በውሃ ወሰዱ፣ አሁን ደግሞ ውሃዬን ወሰዱ!»

«የታች ሰፈሩ ልጅ ነው!» አለ አንዱ። «አራጌ ነው! ለእናቱ ሰፈር አዞረው!»

አበጋዝ ወደ ሳጥኑ ጠጋ አለ። መፍቻውን ከትከሻው አውርዶ ሳጥኑ አጠገብ መሬት ላይ አቆመው። በቃ፣ ሰው ሁሉ መፍቻውን አየ።

አያ አሕመድኑር እጃቸውን አነሱ። «ስሙኝ ጀማው። ይሄን ሳጥን ያበላሸ ሰው አለ። ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ እዚሁ እንገናኛለን። ያጠፋው ይወጣል፣ ያላጠፋው ሳጥኑን ይይዛል። ሁለቱም ካጠፉ አበጋዝ መፍቻውን ያነሳል።»

ፈርሂያ ከሕዝቡ ኋላ ቆማ ሰማች። እትዬ ሀጀራ ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው አጠገቧ አሉ። «ሰማሽ?» አሏት፣ ሳያዩዋት። «ከሳጥኑ ከወጣሽ እኔ ደላላውን ቆይ የምልበት አፍ የለኝም።»

ፈርሂያ ወደ አራጌ ሱቅ ሮጠች። ልክ እንደ ሰው ሁሉ እሷም እሱ ነው ብላለች። እንዲያውም ደስ ብሏታል።

«አንተ ሌባ!»

አራጌ የሱቁን በር ከውስጥ በወንበር ደግፎ ተቀምጧል፤ ጠዋት ድንጋይ ተወርውሮበታል። «ማን ነሽ?»

«ማን እንድሆን ፈለግህ? ክፈት! ለእናትህ ሰፈር ውሃ ታዞርልኛለህ?»

«እናቴ የሞተች ስድስት ዓመቷ! የማንን እናት ነው የምትሰድቢ?» በሩን በረገደው። «እኔ አልነካሁትም! ያንቺ የውሃ ክፍል ነው ያበደው!»

«የኔ አያብድም!»

«የኔ ያብዳል?»

ኢንተርኔቱ የዛን ሰሞን ተዘግቶ ስለነበር ሰው የሚጠየቅበት መንገድ አልነበረም። ሁለቱ ራሳቸው፣ አንድ ላፕቶፕ ላይ፣ ክርናቸው እየተጋጨ፣ መስመር በመስመር ማንበብ ጀመሩ። የሷን አነበቡ፣ ምንም። የሞተሩን አነበቡ፣ ምንም። የቀን መቁጠሪያውን ሲከፍት ጣቷን ስክሪኑ ላይ ሰካችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«የቱ?»

«ይሄ አስራ ሦስት! ባዶ ቁጥር! ከጋራው ፋይል ውጪ ቁጥር እንዳላይ አላልኩህም? በየጓዳህ የደበቅከው ሌላ ስንት አለ?»

«የወራት ብዛት ነው። ምን ሆነሽ ነው?»

«የወራት ብዛትማ በጋራው ፋይል አለ! እኔ ጽፌዋለሁ!»

«ስንት ብለሽ?»

«አስራ ሁለት።»

አራጌ ዞር ብሎ አያት። እሷም አየችው። ውጪ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

«ፈርሂያ» አለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮህ። «ዛሬ ወሩ ምንድነው?»

ጳጉሜ። ኩዌት ጳጉሜ የላትማ! ደሞዝ በአስራ ሁለት ወር፣ ኮንትራት በአስራ ሁለት ወር፣ ናፍቆቱም በአስራ ሁለት ወር ነው የሚቆጠረው። ግድግዳው ላይ የነበረው የማዳሟ ካላንደር አስራ ሁለት ቅጠል ነው ያለው። ያን ፋይል ስትጽፍ ሳታስበው እጇ የጻፈው እሱን ነው።

ነገሩ ከዛ ወዲህ ግልጽ ነው። የየወሩን ውሃ የምትይዝበት አስራ ሁለት ክፍል ነው የሠራችው፣ እንደ ተደረደሩ ሱቆች። ከአስራ ሁለተኛው ሱቅ ቀጥሎ ያለችው ቦታ ላይ ደግሞ «የማን ተራ ነው» የሚለው ተቀምጧል። አንድ ከሆነ ላይ ሰፈር፣ ሌላ ማንኛውም ቁጥር ከሆነ ታች ሰፈር። የአራጌ ቀን መቁጠሪያ ጳጉሜ ሲገባ «አስራ ሦስተኛው ሱቅ» ብሎ ውሃውን ሊጽፍ ሄደ፤ ሱቁ የለም፤ ሲ ደግሞ በረኛ የለውም፣ «ወዴት ነህ?» አይልም። ጠዋት ጠዋት ተራው ላይ እየወጣ ጻፈበት። ተራው ሁልጊዜ ታች ሰፈር ሆነ።

«የማድጋው መርዝ» አለ አራጌ። «አላልኩሽም?»

«አንተ ፋይሉን አንዴ ከፍተህ ብታየው ኖሮ በታኅሣሥ ትነግረኝ ነበር! አስራ ሦስት መሆኑን እያወቅህ!»

«አስራ ሁለት የጻፍኩት እኔ ነኝ?»

«ቁጥሩ ሁለት ቦታ ባይጻፍ ኖሮ ይጣላ ነበር?»

ብዙ ተባባሉ፣ እዚህ የማይጻፍም አለ። አዛኑ ሲሰማ ላፕቶፑን ዘግተው ወጡ።

ቦኖው ጋ ሕዝቡ ጠብቋል። አራጌ ገና ብቅ ሲል ጭቃ ተወረወረበት፣ ሸሚዙ ላይ ጧ አለ።

«ለሰፈርህ ሸጥከን!»

«ቤትህ ጓሮ ስንት በርሜል ሞላህ?» አለች ቦጋለች። «ልጠይቅህ እንጂ፣ የሰው ጠላ ስትጠጣ ላይ ሰፈር ነህ፣ ውሃ ስታጠጣ ታች ሰፈር!»

አያ አሕመድኑር ጸጥ አሰኙ። «አራጌ፣ ከየት ነው ጥፋቱ?»

ፈርሂያ ነገሩን አሰላችው። ዝም ብትል ያበቃል፤ እሱ ይወጣል፣ ሳጥኑ የሷ ይሆናል፣ መተማ ይቀራል። ዝም ልትልም ቆርጣለች። እሱ ይናገር እንደሆን ትክደዋለች፤ ማን ያምነዋል? ጭቃው ላዩ ላይ ነው።

አራጌ ጭቃውን በመዳፉ ጠረገ። ወደሷ ዞሮ ትንሽ ፈገግ አለ፤ ያችን ፈገግታ ነው የጠላችው። «እኔ ሴት ላይ አላሳብብም፣ አያ» አለ። «በኔ ይለፍ።»

ያላህ! ደሟ ፈላ። ስድብ ቢሆን ትችለው ነበር። ውለታ? ከአራጌ? ዕድሜ ልኳን ገበያ ላይ ባያት ቁጥር ያቺን ፈገግታ ሊያሳያት?

«ማን ጠየቀህ!» ብላ ሕዝቡን ገፍትራ ገባች። «ውለታህን ውሰድ! አያ አሕመድኑር፣ ይስሙኝ። ቁጥሩን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ። ዓመቱን አስራ ሁለት ወር ብዬ ጻፍኩት። ጳጉሜን ረሳኋት።»

መጀመሪያ እርስ በርስ ተያዩ። ከዛ ሳቁ። ኧረ የዛን ሳቅ ነገር አታንሱ!

«ጳጉሜን?» አለች ቦጋለች። «አንቺ ጳጉሜን? እናትሽ በጳጉሜ አልወለደችሽም? አስራ ሦስቱን የማትቆጥር ልጅ ናት ውሃችንን የምትቆጥር!»

«ኩዌቷ!»

«መልሷት!»

እትዬ ሀጀራ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጎተቱ።

ፈርሂያ ሳቁ ላይ ጮኸች። «ሳቁ! ስትጨርሱ ውሃ ትፈልጋላችሁ!» መሬት ላይ ተቀምጣ ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አደረገች፣ ገመዱን ሳጥኑ ላይ ሰካች። ሰው ዙሪያዋን ከቧት እየሰደባት የጋራውን ፋይል ከፈተች፣ በጊዜው ክፍል ያለውን አስራ ሁለት አስራ ሦስት አደረገችው። ቀና ብላ «ያንተን አጥፋ» አለችው አራጌን። «ከፋይልህ። ስሙን ጥራ።»

«ካላጠፋሁስ?»

«ለመስከረም ሌላ ጭቃ ታዘጋጃለህ።»

ጎንበስ ብሎ አጠፋው። የጋራውን ቁጥር ስም በቦታው ጻፈ። ፈርሂያ ተራውን ለላይ ሰፈር መለሰች፣ ጫነችው። ሞተሩ ጥርር አለ። ቧንቧው አስነጠሰ፣ አየር ተፋ፣ ከዛ ውሃው መጣ። ጀማው ስድቡን ትቶ ጄሪካን ለጄሪካን ተጋጨ፤ ቦጋለች ሁሉንም በክርኗ ጥሳ ፊት ቆማለች።

«እንግዲህ» አሉ አያ አሕመድኑር፣ ጫጫታው ላይ። «ቃል ቃል ነው። ያጠፋችው ፈርሂያ ናት፣ ትወጣለች። ሳጥኑ የአራጌ ነው።»

ፈርሂያ ገመዱን መጠቅለል ጀመረች። ብትሞት ቀና ብላ አታይም።

«አልይዝም» አለ አራጌ።

«ምን አልከኝ?»

«አያ፣ ብቻዬን አልይዝም። ይዩኝማ!» ሸሚዙን ወጠር አድርጎ አሳያቸው። «ይሄ ነገር ነገም ይበላሻል፣ ወላሂ ይበላሻል። ያኔ ይሄ ሁሉ ጭቃ በኔ ላይ ብቻ ሊወርድ ነው? ግማሹን እሷ ትቅመስ! እሷን ካስወጡ እኔም የለሁም፣ ለአበጋዝ ይስጡት።»

አያ አሕመድኑር አራጌን አዩት፣ ፈርሂያን አዩ፣ አበጋዝን አዩ። አበጋዝ መፍቻውን ማንሳት ጀምሮ ነበር። የላይ ሰፈር ሰዎችም አዩት። ከመሃላቸው አንዱ ቀስ ብሎ «ከአበጋዝስ እነዚህ ይሻላሉ» አለ፣ ሌላው «ኧረ በአላህ እሱስ ይቅር» አለ።

«ያረቢ፣ ምን አይነት ልጆች ሰጠኸን» አሉ አያ አሕመድኑር። «ሁለታችሁም ያዙት። ግን አንዳችሁ የጻፈውን ሌላችሁ ሳያየው ሳጥኑ ላይ አይጫንም። ሰማችሁ? እየተሰዳደባችሁም ቢሆን ታዩታላችሁ።»

«እሱ ማንበብ ይችላል?» አለች ፈርሂያ።

«እሷ መቁጠር ትችላለች?» አለ አራጌ።

አያ አሕመድኑር እጃቸውን አወናጭፈው ሄዱ። አበጋዝም መፍቻውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ወጣ።

እትዬ ሀጀራ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጡ። ልጃቸውን አላቀፏትም፣ «አብሽሪ» አላሏትም። ባዶ ጄሪካናቸውን እግሯ ስር ጣል አድርገው «ደላላውን እኔው ቆይ እለዋለሁ። አንቺ ውሃ ይዘሽ ነይ» አሏትና ሄዱ።

ፈርሂያ ጄሪካኑን አንስታ ወደ ቧንቧው ጠጋ አለች።

«ወዴት ወዴት!» አለች ቦጋለች። «ወደ ኋላ! ሳጥኑን ሠራሁ ብለሽ ልትቀድሚ ነው? ኋላ ሂጂ፣ ኩዌቷ!»

«ሂጂ ኋላ!» አሉ ሌሎቹም።

«ማሰሮሽ ይሰበር!» አለቻት ፈርሂያ። እየተሳደበች ሰልፉን ይዛ ወረደች። ሰልፉ እስከ መስጊዱ ጥግ ድረስ ሄዷል። ጄሪካኗን የመጨረሻው ሰው ኋላ አስቀምጣ ላዩ ላይ ተቀመጠችበት፣ ተራዋን ልትጠብቅ።